ሰው በላዎቹ ጾመኞች

ድንጋጤን ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛ ፍጥረት ሰው ብቻ ነው። አህያ ጅብ ለማየት ስትሰለፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በግ የቢላዋ ትርኢት አለ ተብሎ ቲኬት ሲቆርጥስ? እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ስንደነግጥ ውለን፣ ሲመሽ ደግሞ «እስቲ ዛሬ ምን ያስደነግጡን ይሆን?» ብለን በር ላይ እንጋፋለን። ያውም እኔ የማወራችሁ ድንጋጤ እንደ ልብ በነፃ ይታደልበት ስለነበረ ዘመን ነው፤ ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅና ስለ ሱዳኗ ገዳሪፍ።

በገዳሪፍ ከገበያው ጀርባ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ቤት ነበር። ሸራ እንኳ አልነበረውም፤ ፊልሙ የሚታየው በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ነው። ወደዚያ ግድግዳ የሚመጣው ፊልም ደግሞ ዓለም ሁሉ አይቶ የጠገበው፣ የተቧጨረ፣ የተበጠሰ፣ እንደገና የተቀጣጠለ ነው። የጥንት ጎራዴኛ ተብሎ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው አይተናል። ሞቶ የሚያስነጥስ አይተናል። ከባሕር የወጣ አስፈሪ አውሬ ነው ተብሎ ጀርባው ላይ የልብሱ ዚፕ ሲታይ፣ «ኧረ ዚፑን ክፈቱለትና ይተንፍስ፣ በዚህ ሙቀት!» ብለን በአንድ ድምፅ ጮኸናል።

ታዲያ ለምን ትሄዱ ነበር የሚለኝ አይጠፋም። እነግረዋለሁ። ጥሩ ፊልም አርፈህ ተቀመጥና እይ ነው የሚልህ፤ አንተ ኖርህ አልኖርህ ግድ የለውም። ርካሹ ፊልም ግን ያላንተ እርዳታ አንድ እርምጃ አይሄድም። ፈረሱ ሲጠፋ ፈረስ አለ ብለህ ታስብለታለህ፤ ደሙ የቲማቲም ድልህ ሲሆን ደም ነው ብለህ ትምርለታለህ፤ ተዋናዩ ማልቀስ ሲያቅተው አንተ ታለቅስለታለህ። በዚያ ዘመን እኛ ስደተኞች ከእርዳታ ተቀባይነት ወደ እርዳታ ሰጪነት የምንሸጋገርበት ብቸኛ ቦታ ያ ሲኒማ ቤት ነበር። ይህን ያህል ያመሰገንሁት ለፍርድ ብዬ ነው። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

እኔ በጎንደር አስተማሪ ነበርሁ፤ በገዳሪፍ ደግሞ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ጸሐፊ። ዓረብኛውን በሥራ፣ የፈረንጅ አፉን በትምህርት ቤት ስለማውቅ አስተርጓሚ የቸገረው ሁሉ እኔን ይጠራል። በሲኒማ ቤቱም ቢሆን የታወቅሁ ደንበኛ ነበርሁ። እዚያ ስመላለስ ነው አንጓችን ያወቅኋት።

አንጓች ከበለሳ የመጣች፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ፊልም አታይም፤ ገብታም አታውቅም። ኡም ጋርጉር ከሚባለው የስደተኛ ካምፕ ሎሪ ባገኘች ቁጥር ትመጣና በሲኒማ ቤቱ ግድግዳ በውጭ በኩል ጆሮዋን አስጠግታ ትቆማለች። አንድ ቀን ቢቸግረኝ ምን እንደምትሰማ ጠየቅኋት። ባሌን ነው አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ባሏ ፈንታ ድርቁ ሲብስ በመተማ በኩል ወርደው ድንበሩን ተሻገሩ። ከዚያ ሕዝቡ በሎሪ ሲጫን፣ በግፊያው መሀል እሷ አንዱ ላይ ወጣች፣ እሱ ሌላው ላይ። የእሷ ሎሪ ኡም ጋርጉር አደረሳት። የእሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ለአጨዳ ወርዷል ያላት አለ፣ ሞቷል ያላትም አለ። እሷ ግን የራሷ መለኪያ ነበራት። ፈንታ በደጉ ዘመን በግ ሊሸጥ ጎንደር ይወጣል፤ በጉ በጠዋት ይሸጣል፣ ሰውየው የሚመለሰው በማግሥቱ ነው፤ ሲኒማ ሲያይ አምሽቶ። «ጣውንቴ እኮ ናት!» አለችኝ ስለ ሲኒማ ስትነግረኝ፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ። «ግን ምን ላድርግ መምህር፣ የት እንዳለ የምታውቅ እሷ ናት። በሕይወት ካለ ሲኒማ ቤት አለ። ሲኒማ ቤት ከሌለ ግን… በቃ የለም ማለት ነው።»

ጆሮዋን የምታስጠጋውም ለዚሁ ነው። ፈንታ ፊልም ሲያይ ዝም አይልም አሉ። ከፊልሙ ሰዎች ጋር ያወራል፤ ዋናው ተዋናይ አደጋ ላይ ሲወድቅ «ኧረ ከኋላህ መጣብህ!» ብሎ ይጮሃል። እሷ የምትጠብቀው ያን ጩኸት ነበር። እኛ ውስጥ ሆነን ስንስቅ እሷ ውጭ ቆማ አንድ ድምፅ ትለቅማለች። ይህን ከሰማሁ ወዲያ የእኔም ሳቅ መሀል ላይ ይቋረጥብኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ኸዋጃዎች መጡ። ኸዋጃ በሱዳን አፍ ፈረንጅ ማለት ነው። ካሜራ የያዘ ኸዋጃስ ብርቅ አልነበረም፤ የተኛ በሽተኛና የሚያለቅስ ሕፃን እያነሳ የሚሄድ በየጊዜው ይመጣል። እነዚህኞቹ ግን የሚያለቅስ አልፈለጉም። ጥርስ ያለው ሰው ነበር የፈለጉት።

ሦስት ናቸው። አንዱ ዳይሬክተሩ ነው፤ ሁለተኛው ካሜራውን የሚይዘው፤ ሦስተኛዋ ቢጫ ጸጉር ያላት ተዋናይት ናት፤ ወጥ የምትሠራውም መኪና የምትነዳውም እሷው ነበረች። ዳይሬክተሩ ቀረጻ ለማቆም በቋንቋው ሲጮህ እኔ «በቃ!» እያልሁ ስተረጉምለት ካምፑ ሁሉ አቶ በቃ ብሎ ሰየመው፤ እኔም እንዲሁ ልጥራው።

አቶ በቃ ካምፑ ድረስ ወስዶኝ የፊልሙን ታሪክ አስረዳኝ። ቢጫ ጸጉሯ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ትጠፋለች፤ በጫካው ሰው የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ጓደኛዋን ይበሉባታል፤ እሷ ልብሷ እየተቀዳደደ ትሮጣለች። ልብሱ የሚቀደድበት ምክንያት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ካልተቀደደ ማን ያየዋል አለኝ። እሺ፣ ጫካውስ የት ነው? ገዳሪፍ እኮ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ ያለው የደረቀው ወንዝ ዳር የበቀለ እሾህ ነው። ጫካውን ከሌላ ፊልም ቆርጬ እቀጥለዋለሁ አለ። ሰው በላዎቹንስ ከየት ልታመጣ ነው ስለው፣ ፈገግ ብሎ ወደ ካምፑ ሰዎች ተመለከተ።

ደሜ ፈላ። እናንተዬ፣ ይህን ሕዝብ እዩልኝ! የሚበላው አጥቶ፣ በእግሩ ተጉዞ፣ በየመንገዱ ዘመድ ቀብሮ እዚህ የደረሰ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ነው እንግዲህ ሰው በላ ተብሎ የሚቀረጸው። ስንራብ የሚያነሳን መጣ፣ አሁን ደግሞ ሰው ስንበላ የሚያነሳን መጣ፤ እንደ ማንኛውም ፍጡር ቁጭ ብለን ምሳ ስንበላ የሚያነሳን ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህን ሁሉ በፈረንጅ አፍ ላወርድበት ትንፋሼን ስሰበስብ አንድ እጅ ክንዴን ጨመቀኝ። አንጓች ናት።

ይሄ ሰውዬ ሲኒማ ነው የሚሠራው? አለችኝ። አዎ አልኋት። የተሠራው ሲኒማ የት የት ይሄዳል ብለህ ጠይቅልኝ አለች። ጠየቅሁት። አቶ በቃ ደረቱን ነፍቶ፣ የእኔን ፊልም የማያሳይ ጣሪያ የለሽ ሲኒማ ቤት በምድር ላይ የለም አለ። ውሸት ለምዶበት የኖረው ሰውዬ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ እውነት ተናገረ። አንጓች ትንሽ አሰበችና «በሞቴ መምህር፣ እሺ በልልኝ፤ ብቻ ፊቴን ጥላሸት እንዳይቀቡኝ። ጥላሸት ከቀቡኝ ፈንታ በምን ያውቀኛል?» አለችኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ተረጎምሁ። አቶ በቃም ፊቷን አየት አድርጎ፣ እሺ፣ ፊቷ ሳይቀባ በቅርብ ይነሳል፤ ግን ሰውየውን መጀመሪያ የምትበላው እሷ ትሁን አለ።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። ለሥራው ስኳርና ሳሙና ይሰጣል ስለተባለ ሰው አልጠፋም፤ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ወጣ። የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ጆንያ ጽሑፉ እንዳይታይ ገልብጠው አለበሷቸው፤ አንገታቸው ላይ የፍየል አጥንት አንጠለጠሉ። የሚበላው ሰውዬ ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ጭድ የተሞላ አሻንጉሊት ነው። በሆዱ ውስጥ ሊሞሉበት ቢጫ ጸጉሯ ልጅ ጎህ ሲቀድ አንድ ፍየል አርዳለች፤ አዎ፣ ራሷ። ጥሬ ሥጋው በጭዱ ላይ ተዘረገፈ፣ ካሜራው ተተከለ፣ አቶ በቃ «ብሉ!» ብሎ ጮኸ፣ እኔም «ብሉ!» አልሁ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

ለካስ ሁዳዴ ነው! እኔ ከተሜው ረስቼዋለሁ፤ እነሱ ግን በዚያ ሁሉ መከራ አንድም ቀን አልረሱትም። የካምፑ ቄስ አባ ተካ ከዳር ቆመው በመቋሚያቸው መሬቱን ይወጋሉ። የእስላሞቹ ሽማግሌ ሼህ አደም ደግሞ በበኩላቸው፣ ለመሆኑ ይህን ፍየል ማን ነው ያረደው? አሉኝ። ቢጫ ጸጉሯ ልጅ ናት አልኋቸው። «ላ ሐውለ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያ ሥጋ እንግዲህ የክርስቲያን አይደለም፣ የእስላም አይደለም፣ የማንም አይደለም። ውሻ እንኳ ጠርጥሮት ነው መሰለኝ ራቅ ብሎ ይሸተው ነበር።

አቶ በቃ ጸጉሩን ነጨ። እነዚህ ሰዎች ርቧቸዋል አላላችሁኝም እንዴ? ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንዲያ ያለ የፈረንጅ አፍ ተናግሬ አላውቅም። ርቧቸዋል አልሁት። ግን ረሃብ ሌላ ጾም ሌላ ነው። ረሃቡን ያመጣባቸው ሌላ ነው፤ ጾሙ ግን የራሳቸው ነው። ቤታቸውን ትተው፣ በሬያቸውን ሸጠው፣ ሬሳቸውን መንገድ ላይ አስቀርተው ሲመጡ ይዘውት የመጡት እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም አንተ በፍየል ልትገዛቸው! ሰውየው ግን የገባው ነገር አልነበረም፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ከዚያ ጣቱን ወደ አንጓች ቀሰረ። ካልበላች ፊቷ አይነሳም በላት አለኝ።

ነገርኋት። አንጓች ሥጋውን አየችው። ካሜራውን አየችው። አባ ተካን ሄጄ ለመንኋቸው፤ አባቴ፣ ይህቺ ሴት ባሏን የምታገኝበት መንገድ ይህ ብቻ ነው፣ ለዛሬ ይፍቱላት አልኋቸው። ሽማግሌው እንባቸው ቅርር አለ። «ልጄ፣ ለታመመ ወተት ፈቅጃለሁ፣ ላራስ ፈትቻለሁ፤ ለፊልም እንድፈታ የሚል ግን የትም አላነበብሁም» አሉኝ። አንጓች ሰምታን ኖሮ ብድግ አለችና የአንገቷን አጥንት አወለቀች። «ይቅር መምህር። ፈንታን መልስልኝ እያልሁ የምለምነው እግዜርን ነው። የምለምነውን ጌታ እያስቀየምሁ ምን ብሎ ይሰማኛል?» አለችኝ። እንባዋ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ደግሞ ማንን እንደምመታ ጠፋኝ፤ ድርቁን ልምታው፣ ሎሪውን ልምታው፣ አቶ በቃን ልምታው?

እዚህ ላይ እንግዲህ ለዓለም ሲኒማ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ይታወቅልኝ። አንድ ሱዳናዊ አህያውን ሐብሐብ ጭኖ ወደ ገበያ ሲያልፍ አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ድልህን ደም ነው ብዬ ስምር የኖርሁ ሰው አይደለሁም? ሮጬ አስቆምሁት። ሐብሐቡ ተላጠ፣ ፍሬው ተለቀመ፣ ቀዩ ቀዩ እየተቦጨቀ በአሻንጉሊቱ ሆድ ውስጥ ተሞላ። አቶ በቃ በካሜራው ቀዳዳ አጮለቀና የጣቶቹን ጫፍ ሳመ። ከፍየሉ ሥጋ ይልቅ ሥጋ ይመስላል አለ።

አለቀ ብላችሁ ይሆናል። ምን ያልቃል! አባ ተካ መቋሚያቸውን አነሱ። ሐብሐብ አትክልት ነው፣ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ውሃ አይቀመስም አሉ። ይህንን ደግሞ ተርጉም! ተረጎምሁ። ስለዚህ ሰው በላዎቹ የሚበሉትን ሰውዬ መሀል አጋድመው፣ ዝንብ እየመቱለት፣ እሾህ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ። አቶ በቃ እንደ ታሰረ ፍየል ይሽከረከራል። ሬሳ ከበው የጾም መፍቻ ሰዓት የጠበቁ ሰው በላዎች ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ እነዚያ ብቻ ይመስሉኛል። ሰዓቱ ሲደርስ አባ ተካ ባረኩ። ክርስቲያኑ አማተበ፣ እስላሙ ቢስሚላህ አለ፣ ከዚያ ያ ምስኪን ሰውዬ ተበላ።

ሲበሉ ደግሞ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚያስፈራ ትዕይንት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሰው ሐብሐብ ሲያገኝ እስቲ አስቡት! ቀዩ ውሃ ባገጫቸው ይወርዳል። አቶ በቃ በደስታ ዘለለ፤ አሁን ደግሞ በቋንቋቸው ይጩኹ፣ የፈለጉትን ይናገሩ፣ ብቻ ቁጣ ይኑረው! አለ። እኔም አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። የፈለጋችሁትን ተናገሩ፣ ብቻ ተቆጡ አልኋቸው።

አንጓች ቀድማ ተነሳች። ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው። አንድ ዓመት ግድግዳ ሥር ያጠራቀመችውን አወረደችው፦ «ፈንታ! እኔ አንጓች ነኝ! አልሞትሁም! ኡም ጋርጉር ካምፕ ነኝ! የት ገብተህ ነው አንተ ሰውዬ? ሰው አይናፍቅህም? ና!» ቁጣ ይኑረው ተብሎ የለ? ነበረው። እሷ ሳትጨርስ ሌላው ተነሳ፤ ወንድሙን ጠራ። ሌላዋ እህቷን ጠራች፣ የአባቷን ስም፣ ያገሯን ስም፣ የተለያዩበትን ወንዝ። ያ ሁሉ ሰው አፉን በሐብሐብ አቅልቶ፣ አጥንት አንጠልጥሎ፣ የጠፋ ዘመዱን ይጣራል። አቶ በቃ ግን እያጨበጨበ ነው፤ የአውሬዎቹ የጦር ዘፈን ተገኘለት። ያቺ ሴት ምንድን ነው ያለችው? ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ብነግረው ቆርጦ ሊጥለው ነው። ስለ ጉበት ነው የምታወራው አልሁት።

ሄዱ። ዓመት አለፈ። አንጓች ጆሮዋን ከግድግዳው አላነሳችም፤ እኔን ባየች ቁጥር «ሲኒማችን አልመጣም?» ትለኛለች። እኔ አልነግራትም እንጂ አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ የተናጋሪውን ድምፅ አጥፍተው ሌላ ድምፅ መለጠፍ ልማድ ነው። አንጓችን እንደ ጅብ ቢያስጮኋትስ?

አንድ ቀን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አዲስ ሥዕል ተሰቀለ። እንደ ጦር የሾለ ክራንቻ ያላት፣ ዓይኗ ደም የለበሰ ሴት ተስላለች። ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ባይኖር ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። ሠዓሊው ክራንቻውን ከራሱ ጨምሮ ንቅሳቱን ግን ሳይነካ ማለፉ ገርሞኛል። አንጓችን ይዣት ገባሁ። ካምፑም የቻለው ሁሉ መጥቷል።

ስለ ፊልሙ ምን ልበላችሁ? እሾሁ ጫካ ሆኗል። ጫካው ውስጥ ዝሆን አለ፣ በቀቀን አለ፣ ገዳሪፍ ሜዳ ላይ የዘነበ የማያውቅ ዝናብ አለ። ቢጫ ጸጉሯ ልጅ በሮጠች ቁጥር ልብሷ ያጥራል። ጓደኛዋን ልትስመው ስትጠጋ ፊልሙ ቆረጥ ይላል፤ መሳሳም ነውር ነው ብሎ መቀስ ያሳረፈበት አለ። እሺ፣ ነውር ይሁን! ግን ያ መቀስ የሰው ጉበት መብላት ላይ ሲደርስ የት ሄደ? ሁለት ሰው ቢሳሳም አገር ይጠፋል፣ ሃያ ሰው አንድ ሰው ቢበላ ግን ለሕዝብ ይጠቅማል ማለት ነው? እንዲህ እያልሁ በልቤ ስሳደብ ከበሮ ተመታ፣ ጆንያ የለበሱት ሰዎች ብቅ አሉ። የሚያማትበውም ቢስሚላህ የሚለውም አልተቆረጠም።

ከዚያ የአንጓች ፊት ግድግዳውን ሞላው። ባገጯ ቀይ ውሃ ሲወርድ ይታያል። «ፈንታ! እኔ አንጓች ነኝ! አልሞትሁም!» የራሷ ድምፅ ነው! ሰዎቹ ሌላ ድምፅ ለመለጠፍ አቅም አልነበራቸውም፤ ድህነታቸው ይባረክ! ከፊቷ ሥር በዓረብኛ ምን ተጽፎ ነበር መሰላችሁ? «ጉበቱን ለእኔ ተዉልኝ!» ይላል። ሱዳኖቹ ለጉበቱ ያጨበጭባሉ። ሐበሻው ግን በሙሉ ብድግ አለ። ጩኸቱ ለቅሶ ነው፣ እልልታ ነው፣ መለየት አይቻልም። የፊተኛው ወንበር ላይ የነበረ አንድ ውሃ ሻጭ በሰው ትከሻ ላይ ተረማምዶ ግድግዳውን በሁለት እጁ እየዳሰሰ «እቴን! እህቴን!» ይላል። ፊልሙን የሚያጫውተው ሰውዬ ረብሻ የተነሳ መስሎት የማሽኑን መብራት አጠፋ። ፖሊስ መጣ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ተባረርን። በማግሥቱ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን ጠቅልሎ ወደ ከሰላ ሲኒማ ቤት ላከው። አንጓች ያን ምሽት ስትወጣ፣ ሥዕሉን እንኳ ቀና ብላ ሳታየው፣ «ድምፄን አልቆረጡትም አይደል መምህር?» ብቻ ነበር ያለችኝ።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ከካምፑ መልእክተኛ መጣብኝና በሎሪ ሄድሁ። ስደርስ አንጓች ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል፤ መሀል ላይ ሪዙ የተንዠረገገ፣ አቧራ የለበሰ ረጅም ሰው ተቀምጧል። ፈንታ ነው! ከሰላ ከተማ በአትክልት ቦታ ውሃ እያጠጣ ሲኖር ቆይቶ ነው የመጣው። አንጓች እጁን በሁለት እጇ ይዛ አልለቀቀችውም። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ ትሳደባለች። እኔም አለቀስሁ፤ ንዴቴን ሁሉ ይቅር አልሁ፤ ለአቶ በቃ እንኳ ረጅም ዕድሜ ለመመኘት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሰው ቀዝቀዝ ሲል አንጓች ጠየቀችው። እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብለህ እኔን ድንገት ስታየኝ ምን አልህ? አለችው። ፈንታ ያየውን ቀን አስታውሶ ዓይኑ በራ። ሰውነቴን ነዘረኝ፣ ጮኼ ብድግ አልሁ፣ ሕይወት አለች ብዬ ያገር ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ተጣራሁ አላት። አንጓች እንባዋን ጠረገች። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው። ፈንታ ሪዙን አሻሸ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ከዚያማ… ተመልሼ ቁጭ አልሁ።»

«ቁጭ አልህ?»

«ፊልሙ አላለቀማ!»

አባ ተካ አማተቡ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈነዳ ተሰማኝ። ይህቺ ሴት ስንት ቀን ሜዳ ለሜዳ በሎሪ ተንገላትታ፣ ጾሟን ከባሏ አስበልጣ አልቅሳ፣ በክራንቻ ተስላ፣ በስንት መከራ ድምፅዋን ግድግዳ ላይ አውጥታ ብትጠራው፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ፊልም ያያል! እኔ ይህን የመሰለ ባል ለማግኘት ነው ሐብሐብ ስልጥ የዋልሁት? ከዚህ በላይ እዚህ ብቆይ ነፍስ አጠፋለሁ ብዬ ባርኔጣዬን አነሳሁና ብድግ አልሁ። ሰዉ ሁሉ አንጓች በምን ትመታው ይሆን ብሎ ወደ እሷ ያያል።

አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች። አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህ… ታዲያ እኔስ መጨረሻ ላይ ምን ሆንሁ?» አለችው።

ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገና ሊጀምር ተመቻቸ። እኔም ባርኔጣዬን መልሼ አስቀመጥሁና ጠጋ ብዬ ተቀመጥሁ። ምን ላድርግ፣ መብራቱ ሲጠፋብን እኔስ መጨረሻውን መች አየሁት?